«እብዱ» በፊልም ላይ፦ የድሮ ፊልሞች ያሳዩንና ያላሳዩን

  

 ዛሬ ይዘን የቀረብነው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። «ኢማም ስለ ፊልም ምን አገባው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ብንሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ ባልን ነበር። ነገር ግን በሰፈራችን አንድ የታመመ ልጅ ሐኪም ሳያይ ለወራት እንዲቆይ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል አንዱ ከሃያ ዓመት በፊት በቪዲዮ የታየ ፊልም ሆኖ አገኘነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ስናነብና ስናይ ቆይተናል። ታሪኩን ከመነሻው እናውጋችሁ።

ሲኒማ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በኋላ አዲስ አበባ ላይ ለሕዝብ የተከፈተውን የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ ቤት ሕዝቡ ምን ብሎ እንደጠራው ታውቃላችሁ? «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነው። ጨርቅ ላይ የሚሄድ፣ የሚስቅ፣ የሚሮጥ፣ ሆኖም ሥጋ የሌለው ሰው ሲያይ ሌላ ስም አላገኘለትም። ቄሱም ሸኹም በዚህ አንድ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንጻሩ ደግሞ ያው ሕዝብ ለብቻው የሚያወራን፣ ልብሱን የሚጥልን፣ ሌሊት የማይተኛን ሰው ሲያይ «ሰይጣን ለከፈው»፣ «ጂን ያዘው»፣ በእኛም አገር በወሎ «ዛር አለበት» ይላል። ሰይጣን ቤቱም የሰይጣን፣ ሕመምተኛውም የሰይጣን ሆነ። ልዩነቱ ሕዝቡ የመጀመሪያውን በጊዜ ብዛት ለመደው። ትኬት ቆርጦ ገባ። ሁለተኛውን ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልለመደውም።

እኛ የተወለድንባት መካነ ሰላም በቦረና፣ ከዓባይ ሸለቆ በላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ አለባት። በልጅነታችን፣ በ1980ዎቹ፣ ሲኒማ ቤት የሚባል አልነበራትም። የነበረው ቪዲዮ ቤት ነው። በጭቃ የተመረገ ክፍል፣ በአግዳሚ የተሞላ፣ መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ፣ ከጀርባው ጄኔሬተር የሚያንኳኳ። መግቢያው አንድ ሽልንግ ነበር። ከመድረሳ ጠፍተን እንደገባን ዛሬ ብንናገር አባታችን (አላህ ይዘንላቸውና) አይሰሙንም። የሚታየው በአብዛኛው የህንድ ፊልምና የድብድብ ፊልም ነው። ሂንዲውንም እንግሊዝኛውንም የሚረዳ ከመካከላችን አልነበረም። ስለዚህ ቋንቋውን ትተን ፊቱን እናነብ ነበር። ክፉው በጺሙ፣ ደጉ በእንባው፣ እብዱ በጸጉሩ ይታወቃል።

በከተማችን ደግሞ አንድ ሕመምተኛ ሰው ነበር። ስሙን አንጠራም። ቪዲዮ አይተን ስንወጣ የፊልሙን እብድ አካሄድ እየሄድን እንከተለዋለን። እርሱ ግን እንደዚያ አይሄድም ነበር። ረጋ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሄደው። እንደ ፊልሙ ስላልሆነልን ድንጋይ ወርውረን እስኪሮጥ ድረስ እናስቸግረዋለን። ሲሮጥ እንስቃለን፤ ያን ጊዜ «እውነተኛ እብድ» ሆነልን። ይህን በመናገራችን እናፍራለን፤ ነገር ግን ካልተናገርነው የቀረው ወሬ ሁሉ ባዶ ነው።

ታዲያ ይህ የፊልም እብድ ከየት መጣ? በሙስሊሙ ዓለም የተሠሩትን ብንመለከት፣ ግብፅ ውስጥ እ.ኤ.አ 1958 ዓ.ም «ኢስማዒል ያሲን በእብዶች ሆስፒታል» የሚል ፊልም ወጥቷል። ኢስማዒል ያሲን በዘመኑ በዐረቡ ዓለም ሕዝብን እያሳቀ የሚያስለቅስ ቀልደኛ ነበር። በስሙ ብዙ ፊልም ተሠርቷል፤ በወታደር ቤት፣ በባሕር ኃይል እየተባለ። የእብዶቹ ሆስፒታልም ከነዚያ ተራ አንዱ ነው፤ ሕመሙ መሳቂያ ነው። እ.ኤ.አ 1960 ዓ.ም አሜሪካ ውስጥ የወጣው «ሳይኮ» ደግሞ ሌላውን መንገድ ያዘ። እዚያ ሕመምተኛው ለማየት ጨዋና ትሑት ወጣት ነው፤ በኋላ ግን ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይገኛል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ስንትና ስንት የድንጋጤ ፊልሞች ይህንኑ ቀዱ። አንዱ «ሳቁበት» ይላል፣ ሌላው «ሽሹት» ይላል። ቀርባችሁ «እንዴት አደርክ?» በሉት የሚል ከሁለቱም የለም።

እ.ኤ.አ 1975 ዓ.ም የወጣውን፣ በአንድ የአሜሪካ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ የሚያልፈውን ዝነኛ ፊልም ለብቻው ማንሳት ይኖርብናል። የተቀረጸው ኦሪገን በተባለው ግዛት በሚገኝ እውነተኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ራሳቸው የሐኪሙን ቦታ ይዘው ተጫውተዋል። ፊልሙ አምስቱን ታላላቅ የኦስካር ሽልማቶች ጠራርጎ ወሰደ። ሕመምተኞቹን እንደ ሰው፣ ስምና ጠባይ እንዳለው ሰው ማሳየቱ ይመሰገናል። ነገር ግን በዚያ ፊልም ሕክምናው ቅጣት ነው። ሰውየው አልታዘዝ ሲል ይዘው ኤሌክትሪክ ይለቁበታል፣ ይንፈራገጣል። ያንን ያየ ሰው አይረሳውም። ዛሬ ያ ሕክምና በተገቢው መንገድ ሲሰጥ በሽተኛው በማደንዘዣ ተኝቶ እንደሆነ፣ ለብዙዎቹም ሕሙማን ሕክምናው በኪኒንና በምክር እንደሚያልቅ ፊልሙ ሊነግረን አይችልም። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ወደ ልጁ ታሪክ ስንመጣ እንመለስባታለን።

ወደ አገራችን እንምጣ። የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም ገደማ የተሠራ ነው። ቀጥሎ በ1966 ዓ.ም በሚሼል ፓፓታኪስ የተዘጋጀው «ጉማ» መጣ። የፊልም ሠሪዎቻችን ሽልማት በስሙ ተጠርቷል። ደም የተቃቡ ወገኖች በካሳ የሚታረቁበትን ወግ በርዕሱ ይዟል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ «ሂሩት»ን ያዘጋጀው ላምብሮስ ዮካሪስ ግሪካዊ ነው፣ ፓፓታኪስም የግሪክ ዘር ያለው የአገራችን ልጅ ነው። የአማርኛ ፊልም ከአልጋው ሲነሣ የደገፈው እጅ አንድ ዓይነት አልነበረም። ስለ ብዝኃነት የሚያወራ ሰው ይህንንም መርሳት የለበትም።

ለርዕሳችን ዋናው ግን የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ነው። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው፤ ያኔ አሜሪካ የሚኖር ተማሪ ነበር። በ1966 ዓ.ም አገሩ በለውጥ ስትናጥ መጥቶ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሙያተኛ ተዋናዮች ባልሆኑ የአገር ሰዎች ቀረጸው። ፊልሙ እ.ኤ.አ 1976 ዓ.ም ለእይታ በቅቶ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ ሎካርኖ ተሸለመ። ባለመሬቱ በወንበር ተቀምጦ ያዛል፣ ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ይታረሳል ማለት ይቀላል። በመካከላቸው ከበበ የሚባል ሰው አለ። የመንደሩ ሰው እንደ እብድ ያየዋል። ከበበ ግን መሬቱን የተነጠቀ ሰው ነው። ባለመሬቱ ፊት ሌላው በልቡ እንኳን ለማሰብ የሚፈራውን እየጮኸ ይናገራል። በመጨረሻም ባለመሬቱን በዱላ ይገድለዋል።

«እብድና ዘመናይ የልቡን ይናገራል» ይባል የለ? ኃይሌ ያደረገው ይህን የአገር ብሂል ወስዶ ሰው ማድረግ ነው። ስለዚህ ከበበ የሚሳቅበትም የሚሸሽም አይደለም፤ የሚሰማ ነው። በዘመኑ ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ለእኛ ለሙስሊሞችም እንግዳ አይደለም፤ ቁረይሾች ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) «መጅኑን» ብለው እንደነበር ቁርአን ይነግረናል። እውነትን የሚናገርን ሰው «አብዷል» ብሎ መገላገል የጥንት ዘዴ ነው። ከበበን ያየ ሙስሊም ይህን ማስታወሱ አይቀርም።

ሆኖም ፊልሙን ደጋግመን ስናየው አንድ ጥያቄ ያስቸግረን ጀመር። ከበበ በእርግጥ ታሟል ወይስ ተበድሏል? ፊልሙ መልሱን ወደ በደሉ ያደላዋል። በደሉ እውነት ነው፤ ሰውን በደል ሊያሳምመው እንደሚችልም እውነት ነው። ግን ሕመምተኛ ሁሉ የሕዝብ አፍ ነው ያልን እንደሆነ፣ ምንም የማይናገረው ሕመምተኛ የት ይግባ? እንቅልፍ ያጣው፣ ምግብ የጠላው፣ ንግግሩ ትርጉም የማይሰጠው፣ ማንንም የማይነቅፈው፣ ዝም ብሎ ግድግዳ የሚያየው? ሳቂታው እብድ አለ፣ ነፍሰ ገዳዩ እብድ አለ፣ ፈላስፋው እብድ አለ። ዝምተኛው ግን በነዚያ ባየናቸው ፊልሞች ውስጥ የለም። እኛ ደግሞ ያጋጠመን ዝምተኛው ነው።

ወጣቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ከገጠር መጥቶ ከአጎቱ ቤት ተቀምጦ ነበር የሚማረው። ወደ መስጂዳችን መምጣት አበዛ። ከኢሻ ሰላት በኋላ ሰው ሲወጣ እርሱ ይቀራል። ለፈጅር ስንገባ እዚያው ጥግ ላይ እናገኘዋለን። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ አይጮህም፣ ሰው አይነካም። አንዳንዴ ብቻውን ፈገግ ይላል። ሽማግሌዎቻችን «ይህ ልጅ የአላህ ፍቅር የያዘው ነው፣ መጅዙብ ነው» አሉ። እኛም ደስ አለን። መስጂዳችን ወልይ ያገኘ መሰለን! ትምህርቱን ተወ፤ «ዱንያን ናቀ» አልን። ከሳ፤ «ይጾማል» አልን። አጎቱ ሲጨነቅ ቁርአን ይቀራበት ተባለና አራት ወር ሙሉ ቀራንበት። ያነበብነው ሐቅ ነው፣ ሺፋም ነው፤ በዚያ አንጸጸትም። የምንጸጸተው አራቱን ወር ሙሉ ልጁን አንድም ቀን «ምን ይሰማሃል? ማን ያናግርሃል?» ብለን ሳንጠይቀው በመቅረታችን ነው። ኮሌጅ በነበርን ጊዜ ስለ ሥነ ልቦና አንድ ኮርስ ወስደናል፤ ፈተናውንም አልፈናል። ሆኖም እብድ ማለት ለእኛ ያው ጸጉሩ የተንጨባረረው የቪዲዮ ቤቱ ሰው ነበር። ይህ ልጅ እርሱን አይመስልም ነበር።

አንድ ሌሊት እረኞች ከገደል አፋፍ አገኙት። የእኛ አገር ገደል ምን እንደሆነ ለምታውቁት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት መለሱት።

በማግስቱ ወደ ቤታችን የመጡት በሰፈሩ የሚኖሩ፣ በድሬሰርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ቡና ፈልቶ ተቀመጡና፣ «ሼሁ፣ ቁርአኑን አይተዉበት። ግን ይህ ልጅ ሐኪም ይፈልጋል፤ እኔ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ» አሉ። «እኛስ እንዴት ሳናውቅ?» አልናቸው። «አብሽሩ» አሉን፤ «እርስዎ ሰላት ሲያሰግዱ ጀርባዎ ወደ እርሱ ነው።»

ስንነሣ አጎቱ እንቢ አለ። ለምን? «በኤሌክትሪክ ያቃጥሉታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። የት አየህ? ደሴ በወጣትነቱ ሲሠራ በቪዲዮ። ያዙልን ያልናችሁ ይህችን ነው። ኦሪገን ላይ የተቀረጸ ፊልም ቦረና ላይ አንድን ልጅ ከሐኪም ሊያስቀር ነበር። አጎቱን ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ ያሳመነው የእኛ ፈትዋ አልነበረም፤ ድሬሰሩ «እኔ አብሬው እሄዳለሁ፣ ከአጠገቡም አልለይም» በማለታቸው ነው። ደሴ ድረስ በአውቶቡስ ሄድን፤ ልጁ በመስኮቱ በኩል፣ በአንድ ወገን እርሳቸው፣ በሌላው እኛ። ሐኪሙ ብዙ ጠየቀው። ልጁም ለአራት ወር ያልነገረንን ሁሉ ነገረው። ኪኒን ታዘዘለት። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አልተነሣም።

አድማጮቻችን፣ ይህ የእኛ ስንፍና ነው እንጂ የሃይማኖታችን አይደለም። ሶሒሕ ሙስሊም ላይ አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ አእምሮዋ የታወከ ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ጉዳይ እንዳላት ስትነግራቸው፣ ከመንገዶቹ የፈለገችውን እንድትመርጥ ነግረዋት እዚያ ቆመው ጉዳይዋን እስክትጨርስ ሰምተዋታል። ስሙልን፤ ቦታውን የመረጠችው እርሷ ናት። ቡኻሪና ሙስሊም ደግሞ የሚጥል በሽታ የነበረባትን ጥቁር ሴት ታሪክ ዘግበዋል። ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች፤ ክብሯን ጠየቀች ማለት ነው። ኢብኑ ዐባስ ከጀነት ሰዎች አንዷ ብለው ለተማሪያቸው ያሳዩዋት እርሷን ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእም ገንዘባቸውን ማስተዳደር የማይችሉ ሰዎች እንዲመገቡ፣ እንዲለብሱ፣ መልካም ንግግርም እንዲነገራቸው ታዝዟል። መልካም ንግግሩ ከምግቡና ከልብሱ እኩል ተቆጥሮ መምጣቱን ልብ በሉ።

ዑለሞቻችንና ሐኪሞቻችንም በዚህ መንገድ ሄደዋል። በ322 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ፣ ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቅ ሐዘን ለይተው፣ የኋለኛውን ከአካል ጋር አያይዘው አይተውታል። ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗል! አሌፖ ውስጥ በ755 ሂጅሪ የተሠራው የአርጉን ቢማሪስታን ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል፣ ውሃ የሚፈስበት ግቢ ነበረው። በቱርክ ኤዲርኔ እ.ኤ.አ 1488 ዓ.ም በሱልጣን ባየዚድ ሁለተኛ የተሠራው ሆስፒታል ሕሙማንን በውሃ ድምፅና በዜማ ሲያክም እንደነበር ተጽፏል፤ ሕንጻው ዛሬ ሙዚየም ነው። ይህን ስንናገር ግን እውነቱን ሙሉ እንናገር። በነዚያ ቢማሪስታኖችም ሰንሰለት ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የካይሮውን የጎበኙ ሰዎች ታስረው የተቀመጡ ሕሙማን አይተዋል። አባቶቻችን በጎ ሠሩ፤ የሠሩት ሲወርድ ደግሞ ዝም ያሉም እነርሱው ነበሩ። በወርቃማ ዘመን ብቻ መኩራራት የጀመርነው ልማድ ብዙም አይጠቅመንም።

በእኛ አገር በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። መርካቶን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አማኑኤል፣ የህንድ ፊልም ተመልካች ይጋፋበት የነበረው ሲኒማ ራስና ታላቁ አንዋር መስጂድ በእግር የሚደረሱ ናቸው። ሰው ከሰላት ወጥቶ ፊልም ሊገባ፣ ከፊልም ወጥቶ ወንድሙን አማኑኤል ሊጠይቅ ይችል ነበር። ሆኖም ስሙ ስድብ ሆነ። «ከአማኑኤል አምልጦ ነው» የሚለውን ቀልድ በየመድረኩ ያልሰማ የለም። ቡታጅራ አካባቢ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ዞረው ባጠኑ ጊዜ፣ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ቀምሰው የማያውቁ ሆነው ተገኝተዋል። ቀልዱ ብዙ፣ ሐኪሙ ጥቂት።

አሁን ወደ ሌላኛው ነገር፣ ስለ ሰዎች ልዩነት ወደሚናገረው እንለፍ፤ ከዚህ የራቀ አይደለምና። ወሎ በዓለም ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው የታየችው በፊልም ነው። እ.ኤ.አ በጥቅምት 1973 ዓ.ም እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ደርግ ደግሞ ያንኑ ፊልም የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል አስገብቶበት በ1967 ዓ.ም በዘመን መለወጫ ዕለት ምሽት አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። በ1977 ዓ.ም ደግሞ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም፣ ኬንያዊው ሙስሊም ካሜራ ባለሙያ ሙሐመድ አሚን የቀረጸው ምስል ዓለምን አስነሣ። እነዚህ ፊልሞች ነፍስ አድነዋል፤ አላህ ለሠሪዎቹ ዋጋቸውን ይክፈላቸው። ግን የወሎ ሰው ከዚያ በኋላ አንድ ፊት ብቻ ቀረለት። ስም የሌለው፣ ሃይማኖቱ የማይታወቅ፣ የሚታየው አጥንቱ ነው። የሞቱበትን ልጆች እያሰበ ሌሊት የሚቃዠው ሰው፣ ካሜራው ከሄደ በኋላ ምን ሆነ? ይህን የተከታተለ ፊልም አላየንም።

በፊልምና በቴሌቪዥን ድራማ ያየናቸው ሙስሊሞችም ቢሆኑ ባለ ሱቅ ናቸው፤ ወይም አነጋገራቸው የሚያስቅ ነው። ሙስሊም ሐኪም፣ ሙስሊም ዳኛ፣ ወይም በልጇ ሕመም የምታለቅስ ሙስሊም እናት ከስንት አንዴ ነው። ግብፆች እንኳን እ.ኤ.አ በ1954 ዓ.ም «ሐሰን፣ ማርቆስና ኮኸን» የሚል ፊልም ነበራቸው፤ አንድ ሙስሊም፣ አንድ ክርስቲያንና አንድ አይሁድ መድኃኒት ቤት በሽርክና ይዘው። ቀልድ ነው፣ ቀልዱም በየወገኑ በሚባለው ሐሜት ላይ የቆመ ነው። ቢሆንም ሦስቱም በአንድ ባንኮኒ ጀርባ ይታያሉ። ብዙ ሳይቆይ የግብፅ አይሁዶች አብዛኞቹ አገር ለቀው ሄዱ፤ ባንኮኒው በፊልሙ ላይ ቀረ።

እንግዲህ የወሎን ነገር የሚያውቅ ፊልም ሠሪ ቢኖር ኖሮ የት ይፈልገው ነበር? በድግስ ላይ አይደለም፤ በሕመም ላይ ነው። በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በተንታ ልጁ የታወከበት ቤተሰብ ሃይማኖት አይለይም። ክርስቲያኒቱ እናት ወደ ሸኹ ወዳጃ መጥታ ዱዓ ታስደርጋለች፤ ሙስሊሙም ጠበል የሚሄድበት ጊዜ አለ። የዚህ የሸሪዓ ሑክሙ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሌላ ጊዜ ራሱን አስችለን እናየዋለን ኢንሻአላህ። አሁን የምንለው ታሪኩን ነው፤ ጭንቀት የመጣበት ሰው በሩን ሁሉ ያንኳኳል፤ ጎረቤቱም አብሮት ያንኳኳል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ በ2008 ዓ.ም ባወጣው «ጤዛ» ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ፣ በቅዠት እየተሰቃየ የተመለሰው አንበርብር ጠበል ሲወሰድ ያሳየናል። ፊልሙ በቬኒስ ተሸለመ፤ በቀጣዩ ዓመት የአፍሪካን ትልቁን የፊልም ሽልማት በዋጋዱጉ ወሰደ። ዝምተኛው ሕመምተኛ በእኛ ፊልም ጎልቶ የታየን ያን ጊዜ ነው። ሐኪም የነበረው ሰው ራሱ ታማሚ ሆኖ። ይህን ለማየት ከ«ሂሩት» ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረብን።

በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና አካባቢዋ ከደረሰ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ፣ ድምፅ እሰማለሁ እያለ የሚመጣብን ሰው በዝቷል። ድሬሰሩ ሽማግሌ ያሉን ትዝ እያለን አሁን ከሰላት በኋላ ፊታችንን አዙረን እንቀመጣለን።

ልጁስ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ኪኒኑን ይወስዳል። አንድ ሁለት ጊዜ አቋርጦት ተመልሶበታል፤ ደግመን ሄድን። ትምህርቱን ገና አልጨረሰም። ከአጎቱ ሱቅ ይሠራል፤ ከዐስር በኋላ ደግሞ ሕፃናትን አሊፍ ባ ያስቀራልናል። ይህን ታሪክ በሬዲዮ ለመናገር ፈቃዱን ጠይቀነዋል፤ «ስሜን ብቻ ተዉት» ብሏል።

ይህን ዝግጅት ስናሰናዳ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን በኮምፒውተር ከፍተን እያየን ነበር፤ ገብቶ ከጎናችን ተቀመጠ። ከበበ እየጮኸ ይናገራል። እኛ ወረቀት ይዘን የሚለውን እንጽፋለን። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየና፣ «ሼሁ፣ ይህን ሰው የሚያበላው ማን ነው?» አለን። ወረቀታችንን አየን፤ አልጻፍነውም። ፊልሙን ወደ ኋላ መለስነው።